አራት የተሰጠው ድርሰት

አንድ መምህር ነበር፤ የፈተና አራሚዎች ቡድን መሪ። በየክረምቱ መምህራኑ አንድ አዳራሽ ተሰብስበው የልጆችን ድርሰት ያርማሉ፣ እሱ ከፊት ተቀምጦ ይመራቸዋል። ሥራው ሲጀመር አንድ ናሙና ወረቀት ለሁሉም ይነበብና ስንት እንደሚገባው ይመከርበታል። የሁሉም እጅ እኩል እንዲመዝን ነው።

የዚያን ቀን ናሙና ምን ነበር መሰላችሁ? «የአካባቢያችሁን ገበያ ግለጹ» ተብሎ አንድ ልጅ የጻፈው ነው። ልጁ ግን የጻፈው ገበያው ከተበተነ በኋላ ስላለው ሜዳ ነበር፤ ስለ ወዳደቀ ጎመን፣ ስለሚያነፈንፍ ውሻ፣ በርበሬዋ ስላልተሸጠላት አንዲት ሴት። የሚያምር ድርሰት ነበር። መሪው ግን ጥርሱን አሞት ነው ያደረው። «ገበያ አልን እንጂ ባዶ ሜዳ አላልንም። ከአሥር አራት» አለ።

አስካለ የምትባል ወጣት መምህርት ተነሣችና ልጁ ሌላው ያላየውን አይቷል፣ ስምንት ይገባዋል ብላ ተከራከረች። በሰው ፊት መሳቂያ አደረጋት። ሌሎቹስ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ጭጭ።

ጥርሱ ዳነ። ሥራው ያለ ጭቅጭቅ ቀጠለ፤ ሰውየውም በቡድኑ ኮራ።

መሪ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። አራሚዎቹን ለመፈተሽ፣ ነጥቡን የሚያውቀውን ወረቀት ሳይናገር እሽጋቸው ውስጥ ይከታል። ያንኑ የገበያ ድርሰት፣ ያልታረመ ቅጂውን፣ አስካለ እሽግ ውስጥ ከተተው። እሽጉ ታርሞ ሲመለስ ወረቀቱ አራት ይላል። ከሥሩም «ገበያ አልን እንጂ ባዶ ሜዳ አላልንም» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የሷ፣ ቃሉ የሱ።

ጠራትና «ለዚህ እኮ ስምንት ይገባዋል ብለሽ ተከራክረሽኝ ነበር» አላት።

ወረቀቱን አገላብጣ አየች። «እኔ? የለም ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

አልዋሸችም፣ ወገኖቼ። አላስታወሰችውም።

የሌሎቹን እሽግ ፈታ። ከተለመደው ወጣ ያለ ድርሰት ሁሉ አራት፣ ከሥሩም በየእጁ የተጻፈ ያው የሱ ንግግር። የስንት ልጅ ዕድል! ደንግጦ ተነሣና የገበያውን ድርሰት ከፍ አድርጎ «ተሳስቻለሁ፤ ሁሉንም እንደገና እናርማለን። ለዚህ ስንት ትሰጣላችሁ?» አለ።

ሁሉም ቀና አሉ። ወረቀቱን የተመለከተ አልነበረም። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የሱን ፊት ያያሉ፤ እስኪናገር ይጠብቃሉ። አዳራሽ ሙሉ ሰው መሃል ብቻውን የቆመ መሰለውና ፈራ።

ምን ያድርግ? ወረቀቱን መሃላቸው ትቶ ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋ። ዝናቡ ላዩ ላይ እየወረደ ጆሮውን በሩ ላይ አደረገ። በኋላ አንዱ በዝግታ «እኔ አልስማማም» ሲል ተሰማ። ሌላው መለሰለት። ጭቅጭቁ ሲጋጋል ሰውየው በደስታ አለቀሰ።

እናንተስ? ቤታችን ሰላም ነው፣ ማንም ቃል አይመልስልንም ትላላችሁ። ሚስትህ መከራከር ካቆመች ስንት ጊዜዋ ነው? ልጅሽ የሚናገረው ቃል የማን ነው? ፈጣሪ እንኳ አዳምን እንቢ ማለት የሚችል አድርጎ ፈጠረው። እኛ ከፈጣሪ በልጠን ነው እንቢታን የማንታገሠው?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ከመመለሳቸው በፊት ወዴት እንደሚያዩ ልብ በሉ። ፊታችሁን የሚያዩ ከሆነ፣ ፍሩ።