አልቆምም ያለችው ማሽንና የአበጋዝ ሽብልቅ

ተረት ልንገራችሁ። «ንገሪን» በሉኝ እንጂ! ከጥንት አልጀምርም፤ ነገሩ የሆነው በቅርቡ ነው፤ አገሩም ኮምቦልቻ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እኔ ነኝ። አንዲት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበረቻት። ሴትዮዋ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሽኗ ባለችበት እንድትቆም።

ማሽኗ ግን አትቆምም። ውኃ ስትሞላ ጨዋ ናት፤ ስታጥብም ጨዋ ናት። መጭመቅ ስትጀምር ትንቀጠቀጣለች፣ ትንደረደራለች፣ ሴራሚኩን እየደበደበች ወደ በሩ ትሄዳለች። ሁልጊዜ ወደ በሩ! ወደ መስኮቱ አትሄድ፣ ወደ ኩሽናው አትሄድ። «ወዴት ነው?» እላታለሁ። ቱቦዋ እስኪወጠር ትሄድና እዚያ ታጓራለች። ከበሩ ኋላ የባለቤቴ የአበጋዝ ኮት ተሰቅሏል። ከቀብሩ ወዲህ ማንም አልነካውም። እኔም አልነካሁትም።

ልጄ ሰሎሜ ከደሴ ስትደውል ጩኸቱን ሰማች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ማሽኗ ናት። እየሄደች ነው።»

«አንድ ቀን እግርሽ ላይ ትወጣለች! ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ቆማ ካላገኘኋት እሷንም አንቺንም ጭኜ ነው የምሄደው።»

እኔ ደግሞ አበጋዝ ከኖረበት ቤት ወዴትም አልሄድም። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ከማሽኗ ስር አየሁ። ሽብልቁ የለም! ማሽኗ ገና ተገዝታ ደረጃውን ስትወጣ አንድ እግሯ ተሰብሮ ነበር። አበጋዝ ከወይራ ሽብልቅ ጠረበላት፤ የተሰበረው እግር የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አወጣለት፤ በእርሳሱም «አይነካ» ብሎ ጻፈበት። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነበራ! ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ጸሐፊ ደግሞ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይጽፋል። ካርቶን አጥፌ ወሸቅሁ፤ ረጥቦ ሟሸሸ። የሸበጤን ሶል ቆርጬ ወሸቅሁ፤ ተስፈንጥሮ ወጣ። ማሽኗ ያለ ሽብልቅ አልቆምም አለች።

ማን ወሰደው? ቤቱ ለለቅሶ ሲለቀቅ ማሽኗን ወደ በረንዳ ያስወጣችው የታች ቤቷ ዘምዘም ናት። ጥርጣሬዬ እሷ ላይ አረፈ። ወረድኩ።

«ዘምዘም፣ ከማሽኔ ስር አንድ እንጨት ነበረ።»

«ሌባ ፍለጋ ነው የመጣሽው?»

«እንጨት አልኩ እንጂ ሌባ አልኩ?»

«አፍሽ ባይል ዓይንሽ ብሏል! ማሽንሽ በሄደች ቁጥር አምፖሌ እንደ ደወል ሲወዛወዝ ችዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። እንጨት ምን ያደርግልኛል፣ ወጥ ላማስልበት?» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያ የሚወዛወዘው የቅሬው አግዳሚ ወንበር የለም? ከእግሩ ስር አንድ እንጨት ተወሽቆ አይቻለሁ።»

«ማን ወሸቀው?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብላ ፊቷን አዞረች።

ፊቷን ለምን አዞረች? ይህን ልብ አልኩ።

ማሽኗ ያለ ሽብልቅ አልቆምም አለች፤ ሽብልቁ ከአግዳሚው ስር አልወጣም አለ፤ አግዳሚው ከለቅሶው በኋላ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር ተመልሶ ዕቃ ቤት ገብቷል፤ ዕቃ ቤቱም ያለ ይመር አልከፈትም አለ።

ይመር የቅሬው ዕቃ ያዥ ነው። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ገና ሲያየኝ ተነሣ፤ የሚነሣው ለአክብሮት ይሁን ለሽሽት አልለየሁም።

«አንተ ይመር፣ ክፈትልኝ። አንድ ሽብልቅ አለኝ።»

«እትዬ አሰለፈች፣ ያለ ወረቀት ለእናቴም አልከፍት። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ አበጋዝ ናቸው። ማንኪያ ብትወጣ እንኳ ማኅተም ይኑርባት ብለዋል።»

«ሽብልቁን አይተኸዋል?»

ይመር ጫማውን ማየት ጀመረ። ጫማው አዲስ አልነበረም። ይህንንም ልብ አልኩ።

ማሽኗ ያለ ሽብልቅ አልቆምም አለች፤ ሽብልቁ ከአግዳሚው ስር አልወጣም አለ፤ አግዳሚው ከዕቃ ቤቱ አልወጣም አለ፤ ዕቃ ቤቱ ያለ ይመር አልከፈትም አለ፤ ይመር ያለ ወረቀት አልከፍትም አለ።

ሐሙስ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄድኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ወዲያው ጻፉልኝ፤ «አንድ ሽብልቅ፣ ወይራ፣ ይውጣ።» ከጻፉ በኋላ ግን ወረቀቱን አልሰጡኝም። እጃቸው ውስጥ አገላበጡት።

«ማኅተም ይቀረዋል» አሉ።

«ይምቱበታ!»

«ማኅተሙ ከሳጥን ውስጥ ነው።»

«ሳጥኑስ?»

«ከአልጋዬ ስር።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ ያውጡታ!»

«ማውጣቱንስ አወጣዋለሁ። ተቆልፏል እንጂ።»

ከጓዳ ባለቤታቸው ብቅ ብለው አዩኝና ተመልሰው ገቡ። አሁን ገባኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ነገር ይደብቀኛል! ዘምዘም ፊቷን ታዞራለች፣ ይመር ጫማውን ያያል፣ ዳኛው ወረቀት ያገላብጣሉ። በአንድ የወይራ ቁራጭ ላይ ይህ ሁሉ ሰው ተማከረብኝ?

«ቁልፉ ከማን ዘንድ ነው?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«አንድ ሰው ብቻውን እንዳያትም ብለን ሳጥኑ ከዳኛው፣ ቁልፉ ከጸሐፊው እንዲሆን ወስነን ነበር።»

«አሁን ጸሐፊው ማነው?»

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሰለፈች» አሉኝ፣ «ሐዘንተኛ ቁልፍ አይጠየቅም ብለን ነው ዝም ያልነው። ለአበጋዝ ለቅሶ ብቻ ዕቃውን ያለ ማኅተም አወጣን፤ ይኸው ሦስት ሳምንታችን። ቁልፉ እስኪገኝ ማንም እንዳይሞት ለሰፈሩ አሳስበናል።»

ሳቅ አመለጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እየሳቅሁ ወጣሁ፤ ደረጃዬ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ አልቆ ነበር። ቁልፉ የት እንዳለ አውቄያለሁና።

ማሽኗ ያለ ሽብልቅ አልቆምም አለች፤ ሽብልቁ ከአግዳሚው ስር አልወጣም አለ፤ አግዳሚው ከዕቃ ቤቱ አልወጣም አለ፤ ዕቃ ቤቱ ያለ ይመር አልከፈትም አለ፤ ይመር ያለ ወረቀት አልከፍትም አለ፤ ወረቀቱ ያለ ማኅተም አልሠራም አለ፤ ማኅተሙ ከሳጥኑ አልወጣም አለ፤ ሳጥኑ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፤ ቁልፉ ከኮቱ ኪስ አልወጣም አለ፤ ኮቱ ያለ እጅሽ አልሰጥም አለ፤ እጄም አልነሣም አለ።

ሐሙስ አልተነሣም። ዓርብ ረፋዱን አልተነሣም። ዓርብ ከሰዓት ከማሽኗ ጎን ቆሜ በሩን አየሁ፣ ኮቱን አየሁ። የግራ ትከሻው አሁንም ዘንበል ያለ ነው፤ አበጋዝ እንደሚሄደው። ሰሎሜ በማግስቱ ትመጣለች። «ፈቅደህልኝ ነው» አልኩና እጄን ሰደድኩ።

ኪሱ ውስጥ አንድ ከረሜላ ነበር። አንድ የእርሳስ ቁራጭ ነበር። ቁልፉም ነበር።

እጄ ከኮቱ ገባ፤ ኮቱ ቁልፉን ሰጠ፤ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፤ ሳጥኑ ማኅተሙን አወጣ፤ ማኅተሙ ወረቀቱን መታ፤ ወረቀቱ ይመርን አስነሣ፤ ይመር ዕቃ ቤቱን ከፈተ፤ ዕቃ ቤቱ አግዳሚውን አሳየ።

ሽብልቁ ከአግዳሚው የኋላ እግር ስር በሁለት ቀጭን ምስማር ተይዟል። «አይነካ» የሚለው ወደ ላይ ይነበባል። ይመር መዶሻውን ይዞ ቆመ እንጂ አልመታም።

«እትዬ፣ የወሸቅሁት እኔ ነኝ። ያቀበለችኝ ደግሞ ዘምዘም ናት።»

«ለምን? የተጻፈበትን አላነበብክም?»

«አንብቤያለሁ። ጉልበትዎ አልታጠፍ ብሎ ፍራሹ ላይ መቀመጥ ስላቃትዎ እዚህ አግዳሚ ላይ ነበር የተቀመጡት። ሲያለቅሱ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አግዳሚውም አብሮዎት ይንቀጠቀጣል። ይጥላቸዋል ብለን ፈራን።»

ሦስት ቀን ሙሉ የተቀመጥኩት አበጋዝ በጠረበው እንጨት ላይ ነበር፤ አላወቅሁም። ሌባ ስፈልግ ነበር የከረምኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምታው ካሉኝ እመታዋለሁ» አለኝ።

«ቆይ፤ አትምታው» አልኩት።

ወደ ቤት ተመልሼ ማሽኗ አልፈልግም ብላ ያስፈነጠረችውን የሸበጥ ሶል አመጣሁ። ይመር ሽብልቁን አወጣ፣ በቦታው ሶሉን አስገባ። ተቀመጥኩበት፤ ወዘወዝኩት። ለማሽኗ እምቢ ያለው ሶል ለአግዳሚው እሺ አለ። ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ እሱም መንቀጥቀጡ አይቀርም። ከኮቱ ያወጣሁትን እርሳስ ምራቄን አስነክቼ ከአግዳሚው እግር ላይ «አይነካ» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ዘምዘም ማሽኗን ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገችልኝ፤ እኔ ሽብልቁን አስገባሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ከረሜላውን ሰጠኋት። ጠረጠረችኝ፤ አገላብጣ አየችው፤ በመጨረሻ በላችው።

ቅዳሜ ሰሎሜ መጣች። ማሽኗ እየጨመቀች ነበር። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ሰጠች።

«እማዬ፣ ተበላሸች እንዴ? ድምጿ የለም።»

«ቆማለች» አልኳት።

አጎንብሳ ከስር አየች፤ የአባቷን ጽሕፈት አነበበች፤ እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰች። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ማሽኗ ወደ ደጁ ትሄድ እንደነበር ወይስ ወደ ኮቱ፣ እኔ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ተረቴን መልሱ፤ ሽብልቄን ግን ካለበት አትንኩ።