የጭንቀት ማመልከቻ

ሥራ አስኪያጁ አቶ መኳንንት የሠራተኞቻቸው የአእምሮ ጤና አሳሰባቸውና አንድ ክፍል አስጠርገው፣ ሶፋ አስገብተው፣ በሩ ላይ «የጭንቀት ማራገፊያ» የሚል ጽሑፍ አስለጠፉ። መግባት ግን እንዲሁ አይደለም። ሠራተኛው የሚጨነቅበትን ቀንና ሰዓት ጠቅሶ ከሳምንት በፊት በሁለት ኮፒ ማመልከት አለበት። ሳያመለክት ድንገት የተጨነቀ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። ወሩን ሙሉ ሶፋው ላይ ያረፈው አቧራ ብቻ ነበር።

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ነገሩ አንገበገባት። «ደንቡ ይኼ ከሆነማ በደንቡ መሠረት እጨነቃለኋ!» ብላ ጻፈች፦ «በመጪው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ስለምጨነቅ ክፍሉ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ።»

አቶ መኳንንት ማመልከቻውን ይዘው መጡና ሠራተኛው ሁሉ ፊት አፋጠጧት።

«ዛሬ እየሳቅሽ፣ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት እንደምትጨነቂ በምን አወቅሽ? ጠንቋይ ነሽ? አሁኑኑ ማስረጃ አምጪ! አለዚያ በሐሰተኛ ማመልከቻ ከሥራ ትባረሪያለሽ!»

እሷም ምንም ሳትደነግጥ ከፋይሏ አንድ ወረቀት መዝዛ ሰጠቻቸው።

«ማስረጃውማ ራስዎ የፈረሙበት የመስክ ጉዞዎ ደብዳቤ ነው፤ ነገ ይሄዱና ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ ይላል።»