የእመት ቀበሮ ፌስታልና የአያ ጅቦ ሆድ

አንድ ጊዜ እመት ቀበሮ ከገበያው ዳር ሥጋ ቤት ከፈተች። ሥጋውን ከቄራ የምታመላልስላት አህያ ነበረች። ያኔ ሥጋ የሚጠቀለለው በኮባ ቅጠል ስለነበር፣ አህያና ውርንጭላዋ የተጣለውን ቅጠል እየለቀሙ ይበሉት ነበር።

ውሎ አድሮ ቀበሮ ኮባ መቁረጥ ሰለቻትና ፌስታል አመጣች።

«ቅጠሉስ?» አለች አህያ።

«አሁን ዘመኑ የፌስታል ነው እቴ። አንዴ ይያዝበታል፣ ከዚያ ወዲያ መጣል ነው።»

«ወዲያ የት?»

«ወዲያ ነዋ» አለች ቀበሮ፣ በጅራቷ ወደ ገደሉ ሥር እያመለከተች።

ከገደሉ ሥር አህያ ከነውርንጭላዋ የምትግጥበት ሸለቆ ነበር። ይህን ልትናገር ፈልጋ ሥራዬን አጣለሁ ብላ ፈራች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ ዝም አለች።

የቀበሮ ዋና ደንበኛ አያ ጅቦ ነበር። እሱ ደግሞ ፈትቶ መብላት የሚባል ነገር አያውቅም።

«አያ ጅቦ፣ ፌስታሉን አውልቀው ቢበሉትስ?» አለችው አህያ፣ ከሩቅ ሆና።

«አጥንት የሚፈጭ ሆድ ይህቺን ስስ ነገር ያቅተዋል?» አለና ከነመጠቅለያው ዋጠው። በየገበያው ቀን እንዲሁ አደረገ።

ክረምት ሊገባ ሲል አህያ ሸለቆው ውስጥ ጅብን ተጋድሞ አገኘችው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ጎኑ ግን አጥንት ብቻ ነው። ልትሮጥ ስትል አልተነሣም።

«አትሽሺ» አላት። «በደህናው ቀን እበላሽ ነበር። አሁን ሆዴ ሙሉ ነው፤ ሞልቶም ይርበኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ጠላቷ ቢሆንም አንጀቷን በላው። ዘወር ስትል ውርንጭላዋ የጨው ጣዕም ያለበትን ፌስታል እየላሰች ግማሹን ውጣዋለች። እናት በጥርሷ ነክሳ ስባ አወጣችው።

በማግስቱ ቄራ አልሄድም ብላ ቆመች።

«ወይ በኮባ ትጠቀልያለሽ፣ ወይ ሥጋሽን ራስሽ ትሸከሚዋለሽ።»

«ቅጠል ስቆርጥ ልዋል? ደንበኛ ይሸሸኛል እኮ።»

«ዋናው ደንበኛሽ ወዲያ ተጋድሟል። ወርደሽ እዪው።»

ቀበሮ ወርዳ አየችው። ብልጥ ናትና ያን ሁሉ ሥጋ በራሷ ጀርባ ላይ አስባ ኮባ ልትቆርጥ ሄደች።

ክረምቱ ሲወጣ አህያና ውርንጭላዋ ወደ ሸለቆው ወረዱ። የጅብ ሥጋ አፈር ሆኖ ሣር በቅሎበታል። ፌስታሎቹ ግን በጎድን አጥንቱ መካከል እንደተጠቀለሉ አሉ፤ ቀለማቸው እንኳ አልለቀቀም። አንድ እንግዳ ጅብ አጎንብሶ ያሸታቸዋል።

አህያ ውርንጭላዋን አስቀደመች። ቢሆንም ዝም ብላ መሄድ አልሆነላትም።

«ይተዉት ጌታዬ፤ ወንድምዎን የገደለው እሱ ነው» አለችና እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች።

ከዚህ የምንማረው «ወዲያ» ብለን የምንጥለው ነገር ከሌላው ደጅ እንደሚወድቅ፣ ዕድሜውም ከጣለው እጅና ከዋጠው ሆድ እንደሚበልጥ ነው።