ቅቤ የተቀባችው አህያ

«ራሳችሁን ተንከባከቡ» የሚላችሁ ሰው የት ላይ ተቀምጦ እንደሚናገር አስተውላችኋል? ተረቴን ላስገባ፣ በረቱን ክፈቱልኝ።

አንዲት አህያ ድመትንና ዶሮን በየቀኑ አዝላ ወንዝ ታሻግር ነበር። ጀርባዋ ቢቆስል፣ «እትዬ ድመት፣ አመመኝ እኮ» አለች።

«ራስሽን ስለማትንከባከቢ ነዋ» አለች ድመት፣ ከጀርባዋ ሳትወርድ።

ዶሮም ቅቤ አውጥታ የአህያዋን ራስ ቀባችና «እሰይ፣ አማረብሽ» አለች።

«ራሴማ ድሮም ደህና ነው፤ ያመመኝ እናንተ የተቀመጣችሁበት ነው።»

«በርቺ እንጂ፣ የኔ እመቤት» ብለው ጉዟቸውን ቀጠሉ።

አህያ ወንዙ መሃል ስትደርስ ዘና ብላ ተጋደመች። ሁለቱ እየተንጫጩ ውሃው ውስጥ ወደቁ። እንደ ምንም ዳር ወጥተው ድመት ፀጉሯን እያራገፈች፣ «በይ ይቅር በይንና እንሂድ» አለች።

አህያ ቁስሏን ቀዝቃዛው ውሃ እያጠበላት፣ «ማንንም ይቅር አልልም» አለች።