የእትዬ ፋጡማ ትከሻ

ደሴ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ሥራ ተከራክረው ነገሩ አልቋጭ ሲል፣ አንደኛው ክርክሩን ትቶ ቀኝ ትከሻውን አንዴ ነቅነቅ ያደርጋል። ሌላው ከገባው ይስቃል፤ ካልገባው ለከተማው እንግዳ ነው። ያቺ ንቅናቄ የአንድ አባባል ምልክት ናት። አባባሉ የወጣው ከሠርግ ዳስ ነው፤ ያስወጣችው ደግሞ አንዲት እልኸኛ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ናት።

ትርሲት ትባላለች። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበሩ መበየጃ መያዝ የለመደችው ከማንኪያ ጋር እኩል ነው። ቤዝ ጊታሯን ያገኘችው ከፈረሰ የቀበሌ ኪነት ቡድን ሲሆን፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ስትጫወትበት አንድም ቀን በድምፁ ረክታ አታውቅም። በጊታሩ ሆድ ውስጥ ፕሪአምፕ የሚሉት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሰሌዳ አለ። የክሩን ድምፅ ወደ ስፒከር ከመሄዱ በፊት ተቀብሎ የሚያጎላው እሱ ነው። ያ ሰሌዳ ቀጭኑን ድምፅ ያስጮኸዋል፤ ወፍራሙን ግን ውጦ ያስቀረዋል። ጊታሩ ሲመታ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የወደቀ ይመስል ነበር።

በዚህ ላይ የባንዱ መሪ እንድሪስ አዲስ ኪቦርድ ይዞ መጣ። እንድሪስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ አዲስ ነገር ሲያይ አሮጌውን ለመጣል መቸኮሉ ነው። በልምምድ ላይ በግራ እጁ ወፍራም ድምፅ የሚያወጡትን ቁልፎች እየተጫነ፣ "ቤዙ እዚሁ ውስጥ አለ። ከእንግዲህ ሁለት ቤዝ ምን ይሠራልናል?" አለ።

ትርሲት ሌላ ባንድ የላትም። ከዚህ ከወጣች ጊታሩ ምስማር ላይ ይሰቀላል፣ እሷም የጣቶቿን ሥራ እየረሳች ታረጃለች። በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ልምምድ ቤት ገባችና ጊታሯን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ ጀርባውን በካቻቢቴ ፈታችው።

እንድሪስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ድምፁን እየቀየርኩ።"

"ፋብሪካ የዘጋውን አንቺ ትከፍቻለሽ? የሠሩት እኮ መሐንዲሶች ናቸው።"

"መሐንዲሶቹ የኛን ሠርግ መቼ አዩት?" አለችው ቀና ሳትል። "እነሱ ለራሳቸው ዘፈን ሠርተውታል፤ ለኛ ዘፈን የማበጀው እኔ ነኝ።"

ከሰሌዳው ላይ ወፍራሙን ድምፅ የምታግደውን፣ ምስር የምታክል ካፓሲተር ነቀለች። በምትኳ ከአባቷ አሮጌ ሬዲዮ ያወጣቻትን ተለቅ ያለች በየደች። ቀጭኑን ድምፅ የሚያስጮኸውንም መስመር ቆረጠችው። ከዚያ ባትሪውን መልሳ ጊታሩን ስፒከሩ ላይ ሰካችና መታችው።

ድምፁ ያነሰ መሰለ። እንድሪስ ከት ብሎ ሳቀ። "ገደልሽው በቃ፤ አይሰማም እኮ።"

ትርሲት ግን የፈታቻቸው ብሎኖች ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጡ አይታለች። ሙያ በልብ ነው ብላ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መልሳ ማጥበቅ ጀመረች።

ይህ እንድሪስን አናደደው። "እንግዲያው እንወራረድ" አለ። "እሑድ በምንጫወትበት ሠርግ ላይ አንዱን ዘፈን መጀመሪያ እኔ በግራ እጄ፣ ቀጥሎ አንቺ በዚህ በገደልሽው ጊታር እንጫወተዋለን። ከተሸነፍሽ ከባንዱ ትወጫለሽ። ከተሸነፍኩ ግራ እጄ ሁለተኛ ቤዝ አይነካም።"

"ማን ይፈርዳል?"

"እትዬ ፋጡማ።"

በክርክሩ መሀል የገባው የባንዱ ድራም መቺ ልሳኑ ሳቁ አመለጠው። እትዬ ፋጡማ በከበሮ አቻ የሌላቸው ሴት መሆናቸውን የሚክድ የለም። ግን እንድሪስን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" አለ ልሳኑ። "ትርሲት፣ እንቢ በይ።"

"አልልም። የሚያዳላ ዳኛ ይፈረድበታል እንጂ አይፈራም። ይምጡ፤ ደግሞ ከፊት ይቀመጡ።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። እትዬ ፋጡማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተሰየሙ። መጀመሪያ እንድሪስ ተጫወተ። ኪቦርዱ አንዴም ሳይደናቀፍ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ እንግዳው አጨበጨበ። እትዬ ፋጡማም "የኔ ልጅ፣ እያንዳንዷ ምት ተሰምታኛለች" አሉ።

የትርሲት ተራ ደረሰ። ፈርታለች፣ መፍራቷንም ታውቃለች። ያም ሆኖ ጊታሯን ታጥቃ ወደ ፊት ወጣችና ከዳኛዋ ፊት ለፊት ቆመች። ከዚያ ዘፈኑን ጀመረች።

እትዬ ፋጡማ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ "ኧረ የዚችስ አይሰማም" አሉ። ይህን እያሉ ቀኝ ትከሻቸው ነቅነቅ አለ። በግራ እጃቸው ያዝ አደረጉት። ግራ ትከሻቸው ተነሣ። ነጠላቸውን አጥብቀው ተጠቀለሉና ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ፤ አግዳሚው ግን ከሥራቸው በቤዙ ምት ይንቀጠቀጥ ነበር። ትርሲት ሁሉንም አይታለች። ዓይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል ክሩን ጠበቅ አድርጋ መታችው። ከኋላ ወንበር እየተገፋ ሰው ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ የእትዬ ፋጡማ ነጠላ መሬት ላይ ወድቆ፣ እሳቸው በዳሱ መካከል እስክስታ ሲወርዱ ታዩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ እንድሪስ ከኪቦርዱ ተነሥቶ መጣ። "አክስቴ፣ የማን ይሻላል? ይፍረዱ።"

እትዬ ፋጡማ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ያሳደጉትን ልጅ በስስት አዩት።

"የመጣሁት ላንተ ልፈርድ ነበር፤ አላህ ያውቃል። ያንተን አንድ ሳይቀር ሰማሁ። የሷን ብዙም አልሰማሁት።"

የእንድሪስ ፊት በራ።

"ግን እኔን አሮጊቷን ከአግዳሚ ያስነሣኝ ማነው?"

እንድሪስ ግራ እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እትዬ ፋጡማም የወደቀውን ነጠላቸውን አንሥተው አራገፉና ወደ ትርሲት ዞረው እንዲህ አሉ፦ "ጆሮ ይሰማል፣ ትከሻ ይፈርዳል።"