በሸርጣን በር ላይ የተሰካ ላባ

አንድ ጊዜ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት የምትሄድ ጓደኛዬ «የት ልረፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ራሴ ተሳቅቄ ያደርኩበትን ቤት አመስግኜ ላክኋት። ባለቤቶቹን ማስቀየም ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ተረት ሳልናገር የምሰነብተው ጥቂት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ተረቴን ልዘርጋው፤ «ዘርጊው» በሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ ዛፍ ሁሉ አፍ፣ ድንጋይ ሁሉ ጆሮ በነበረው ጊዜ፣ አንዲት የደጋ ዋኖስ ክረምቱ ቢበረታባት ብርዱን ሸሽታ ወደ ሞቃት ባሕር በረረች። በባሕሩ መካከል አንዲት ደሴት አየች። ዳርቻዋ እንደ ተነፋ ዱቄት ነጭ፣ ዙሪያዋ ማለቂያ የሌለው ሰማያዊ። ዋኖስ እንዲህ ያለ ውሃ አይታ አታውቅም። ሰማይ ደክሞት ወርዶ የተኛ መሰላት። ክንፏን ሰብስባ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ማን ልበልዎ?»

ባሕሩ ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ። ሌላ ስም የለኝም።»



በደሴቷ ላይ ሦስት ማረፊያዎች ነበሩ። መጀመሪያ ዓለትን ጠየቀች።

«እኔ ዘንድ ምንጣፍ የለም» አለ ዓለት። «ባሕሩም ከጀርባዬ ስለሆነ አይታይም። ምግቡ ፊት ለፊቴ የበቀለው ሾላ ብቻ ነው። ግን እስከ ዛሬ ከቦታዬ ያነቃነቀኝ የለም።»

ቀጥላ ዘንባባን ጠየቀች።

«ጥላ አለኝ፤ ነፋስ አለኝ» አለ ዘንባባ። «ፍሬዬ ሲወድቅ ግን አናት ይፈልጣል። ኋላ አልነገርከኝም እንዳትዪ!»

ሦስተኛውን መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም። ሸርጣን ከውሃው አፍ ላይ ወደ ጎን እየሮጠ መጣ። «እመቤቴ፣ ይግቡ፣ ይግቡ! ወለሌ ዛጎል፣ በረንዳዬ ባሕር፣ ምግቡ እዚሁ ጎረቤቴ ከዓሣ አጥማጇ ወፍ፣ ከሻላ ቤት!»

«ወደ ጎን የሚሄድ ከፊት የሚመጣውን አያይም» ሲል ዘንባባ ከላይ ተረበው።

«አንተስ አንድ ቦታ ተገትረህ ምን ታውቃለህ!» አለ ሸርጣን። ዋኖስ ሳቀች፤ ገባችም።

ለምሳ ወደ ሻላ ቤት ሄዱ። ሻላ የምታቀርበው ዓሣ ብቻ፣ ዋኖስ የምትበላው ጥሬና ፍሬ ብቻ።

«ጠግቤአለሁ፣ እትዬ ሻላ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ በቃኝ!»

«በሞቴ ስልሽ!» አለችና ሻላ ከከረጢት አፏ የዓሣ ጭንቅላት አውጥታ አጎረሰቻት። ዋኖስ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። «ይጣፍጣል» አለች፤ እንባዋ ግን መጣ።

ሲነጋ እግሯ ርሶ አገኘችው። ቀና ብላ ብታይ፣ ከአናቷ በላይ በግድግዳው ዙሪያ የጨው መስመር ተሰምሯል።

«አያ ሸርጣን፣ ይህ መስመር ምንድን ነው?»

«ጌጥ ነው፣ እመቤቴ!»

ዋኖስ ግን ገባት። ውሃው እዚያ ድረስ መጥቶ ያውቃል።

በዚያች ደሴት አንድ ልማድ ነበረ። ቤቱ የተመቻት እንግዳ ስትወጣ ላባ ነቅላ በሩ ላይ ትሰካለች፤ ያልተመቻት ዝም ብላ ትሄዳለች። ተከታዩ እንግዳ ላባውን አይቶ ይገባል። ሸርጣን ደጁ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር።

«ያሳደረኝን እንዴት አስቀይማለሁ? ምን ይለኛል?» አለች በልቧ። ከሁሉ ነጩን ላባዋን ሰካች። እሷ ራሷ ግን ቀስ ብላ ወደ ዓለት ተዛወረች።

በማግስቱ የአገሯ ልጅ ቆቅ ሦስት ጫጩቶቿን ይዛ፣ በባሕር ኤሊ ጀርባ ተሳፍራ ደረሰች። የትኛው ይሻላል ብላ ስትዞር ላባውን አየች። «የዋኖስ ላባ! ዋኖስ ከመሰከረች ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?» ብላ ገባች።

ዋኖስ ከዓለቱ ላይ አየቻት። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ሸርጣን ደጁ ላይ ነበርና ዘጋችው። እንደገና ከፈተች፤ ሻላ ቀና ብላ አየቻትና ዘጋችው። ሦስተኛ ስትከፍት ባሕሩ መጣ።

አመጣጡ! ደሴቷ ትንፋሿን ዋጠች። ውሃው አልጮኸም፤ አልተቆጣም። ተራራ ከእንቅልፉ እንደሚነሣ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ፀሐይ በሆዱ ውስጥ አረንጓዴ ሆና ታየች።

«እመለሳለሁ ብዬ ነበር» አለ።

ዋኖስ ተወርውራ ወረደች። «ቆቄ፣ ውጪ! ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ!»

«ምነው? ላባሽ በሩ ላይ አይደል እንዴ?» አለች ቆቅ ከውስጥ።

«ውሸት ነው!»

ቆቅ አንዱን በክንፏ አቅፋ፣ ዋኖስ ሁለተኛውን በጥፍሯ አንጠልጥላ ወጡ። ለሦስተኛው ሲዞሩ በሩ አልነበረም።

ባሕሩ ሲሸሽ ሸርጣን ከአሸዋው ሥር ብቅ አለ። «ምን ሆናችሁ? ለእኔ እኮ የሚመች ቤት ነው» አለ። አልዋሸም፤ እሱ ውሃ ውስጥ ይተነፍሳል።

«ጫጩቱን መልስ!» ብላ ዋኖስ ወደ ባሕሩ ጮኸች። ባሕሩ የመለሰው ግን ላባውን ብቻ ነው። ነጭ እንደሆነ አምጥቶ እግሯ ሥር አኖረው።

ላባውን ይዛ ከቆቅ ፊት ተንበረከከች። ቆቅ ሁለቱን በክንፎቿ ሥር አጥብቃ ያዘች።

«ሸርጣንን አላውቀውም ነበር» አለች። «ያመንኩት አንቺን ነው።»

ዋኖስ ዛሬም ዛፍ ላይ ሆና የምታንጎራጉረው ለዚህ ነው ይባላል። ለባለቤት ያፈረ ምላስ እንግዳ ያሰጥማል።

የዘረጋሁትን ተረት አጥፌ በእጃችሁ አኖርኩ። እኔም በበሩ ላይ ላባ የሰካሁ ሰው ነኝ፤ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።