የሜዳው ጠባቂና ሁለቱ ማሽኖች

አንድ የአውሮፕላን ሜዳ ጠባቂ ነበር። ስሙ ወዳጆ ይባላል። የሚጠብቀው ሜዳ አስፋልት የለበሰ፣ መብራት የተደረደረበት ዓይነት አይደለም፤ ዝናብ በማይለየው አገር፣ በደን የታጠረ ረጅም የሳር ሜዳ ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ትንሽ አውሮፕላን መድኃኒትና ደብዳቤ ይዛ ታርፋለች፤ የጠና ሕመምተኛ ካለ ትጭንና ትመለሳለች። የወዳጆ ሥራ ሳሩ እንዳያድግ፣ ከብት እንዳይገባ፣ በሜዳው ዳር የተቆፈረው ቦይ እንዳይደፈን መጠበቅ ነበር። ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

ቀድሞ ሳሩን የሚያጭዱት ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ አርባ ያህል አባወራዎች ነበሩ። ክረምቱ ሲበረታ ወዳጆ መልእክት ይልካል፤ እነሱም ማጭዳቸውን ስለው ይመጣሉ። ደመወዝ አይጠይቁም። ያጨዱትን ሳር እያሰሩ ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ። ሥራው አራት አምስት ቀን ይፈጃል፤ በእነዚያ ቀናት ሜዳው የገበያ ቀን ይመስላል። ሴቱ ያወራል፣ ወንዱ ይቀላለዳል፣ የአንዱ ነዶ ከአንዱ በለጠ ተብሎ ክርክር ይነሳል። የወዳጆ ሚስት ዘነበች ቦርዴ ጠምቃ፣ ከሰው ሰው እየዞረች ትቀዳለች። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ሳል እንደያዘው የምታውቀው እሷ ነበረች። ወዳጆ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በአገሩ ሰው ዘንድ የታወቀውም በሷ አንደበት ነው።

ዘነበች ታማ ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም።

በዚያው ክረምት ማዶኞቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። እያንዳንዳቸው ቀርበው «እግዜር ያጽናህ» አሉት። ወዳጆ አርባ ጊዜ «አሜን» አለ። እኩለ ቀን ላይ ሰዉ ዘነበች ታስተናግድበት ከነበረው ዛፍ ሥር አረፍ ሲል፣ አንዱ ረስቶ መሰለኝ «እትዬ ዘነቡ፣ ኧረ ጠማን» ብሎ ጠራ። ወዲያው ሁሉም ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ የወዳጆን ልብ ሰበረው። ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ዓይን ይከብደው ጀመር። የሚያዝኑለት ሲመስሉት ይቆስላል፤ እሷን የረሷት ሲመስሉትም ይቆስላል።

በዓመቱ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሰው። ለሜዳው ማጨጃ ተፈቅዷልና መጥተህ መርጠህ ውሰድ ይላል። ወዳጆ ወደ ከተማ ሄደ። በግምጃ ቤቱ ግቢ ሁለት ማሽኖች ቆመዋል። ተካልኝ የሚባል መካኒክ ተቀበለውና ያስረዳው ጀመር።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ይቺኛዋ መሪ የላትም። በእነዚህ በሁለቱ ዘንጎች ነው የምትነዳው። አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ ሲያደርጉ በቆመችበት ትዞራለች። የርስዎን ሜዳ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች። ሳሩን ፈጭታ እዚያው ትበትነዋለች፤ የሚታሰር፣ የሚከመር ነገር አይተርፍም።»

«ያቺኛዋስ?»

«ያቺ ትንሽ ትራክተር ናት። ቀስ ትላለች፤ ሁለት ቀን ትፈጅብዎታለች። ሳሩን ሳትፈጭ አጋድማው ነው የምታልፈው። ግን ተሳቢ ይቀጠልላታል። ጭነት ትጎትታለች፣ ሰው ትጭናለች፣ ተዳፋት ላይም እግሯ ጽኑ ነው።»

«የተጋደመውን ሳር ማን ያነሳዋል?»

«እሱንማ ሰው ያስፈልግዎታል።»

ወዳጆ ብዙ አላሰበም። እጁን በመጀመሪያዋ ማሽን ወንበር ላይ አሳረፈና «ይቺ ትሁንልኝ» አለ።

ተካልኝ፣ «እኔ ብሆን ትራክተሯን ነበር የምወስደው» አለው። «አገሩ ጭቃ ነው። ሕመምተኛ እስከ ሜዳው በቃሬዛ ነው የሚመጣው ሲባል እሰማለሁ።»

«እኔ የተቀጠርኩት ሳር እንዳጭድ ነው፣ ልጄ።»

«እንዳሉ። እንግዲያው ሳሩ እርጥብ ሲሆን ቦይ አጠገብ አይጠጉ። ይቺ ተዳፋት ላይ ከተንሸራተተች የሚይዛት የለም።»

ክረምቱ ገባ። ማዶኞቹ መልእክት እስኪላክላቸው ጠበቁ፤ ሲዘገይባቸው ማጭዳቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። ሜዳው ታጭዶ አገኙት። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ቆጭቶ ወደ ወዳጆ ቀረቡ።

«ወዳጆ፣ ሳሩስ?»

«ታጨደ።»

«የታጨደው የታለ?»

«ማሽኑ ፈጨው።»

አቶ ቆጭቶ ጎንበስ ብለው ከተበተነው ድቃቂ ሳር አንድ ጭብጥ አነሱ። ጠውልጓል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አሸተቱትና ጣሉት። «ከብት አይበላውም» አሉ። ወዳጆም «አይበላውም» አለ። ሰዉ ጥቂት ቆሞ ሜዳውን ሲያይ ቆየና፣ የተሳለ ማጭዱን በትከሻው እንዳደረገ ተመለሰ።

ወዳጆ በመጀመሪያው ዓመት እፎይ አለ። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ያስነሳል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሥራው ያልቃል። ከምሳ በኋላ ያለው ሰኞ፣ ከዚያም ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ሁሉም የሱ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ደኑን ያያል። ማሽኑ ጊዜ አተረፈለት፤ ያንን ጊዜ የሚያካፍለው ሰው ግን አልነበረውም።

በሁለተኛው ዓመት ማዶኞቹ ከወዲያኛው ጋራ ሥር ሌላ የግጦሽ መሬት አገኙ። ወደዚያ የሚወስድ አዲስ መንገድ አወጡ፤ መንገዱ በሜዳው በኩል አያልፍም። ወዳጆ ጠዋት ጠዋት ድምፃቸውን ከሩቅ ይሰማል፤ የሚሉት ግን አይሰማውም። አብራሪው አውሮፕላኑን ሲያሳርፍ፣ «ሜዳህ ምንጣፍ ሆኗል፣ ከዚህ የሚያምር ሜዳ የለኝም» ይለዋል። ወዳጆ ደስ ይለዋል። አብራሪው ግን ሩብ ሰዓት አይቆይም፤ ካርቶኖቹን አውርዶ ይነሳል።

ቀስ በቀስ ወዳጆ ሰኞ ያጨደውን ረቡዕ ደግሞ ማጨድ ጀመረ። ሳሩ አላደገም። የሞተሩ ጩኸት ግን ከዝምታው ይሻለው ነበር።

በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ ረቡዕ ማለዳ፣ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ገና አልደረቀም። ወዳጆ የታጨደውን ሜዳ ዳግም ሲያጭድ የቦዩ አፋፍ ላይ ደረሰና ለመዞር ሁለቱን ዘንጎች ሳበ። ማሽኗ ዞረች፤ ግን ጎማዎቿ እርጥቡን ሳር አልያዙትም። ወደ ጎን ተንሸራተተች። ለመዝለል ሞከረ፣ አልቻለም። ከነማሽኗ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ፤ የወዳጆ ግራ እግር ከብረቱ ሥር ቀረ።

መጀመሪያ ላይ አልጮኸም። ሊገፋት ሞከረ። አልነቃነቅ አለችው። ከዚያ ተጣራ። «ኧረ ሰው!» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ከፍ አድርጎ ከተናገረ ብዙ ጊዜው ነበር።

እኩለ ቀን ገደማ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማ። የመምጫዋ ቀን ነው፤ ሳምንቱ ተምታቶበት ዘንግቶት ነበር። ተስፋው ለመለመ። አውሮፕላኗ ዝቅ ብላ በዚያ በሚያምረው ሜዳ ላይ በዝግታ ስታርፍ ሲሰማ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ሞተሯ ስላልጠፋ ጩኸቱ ለራሱ እንኳ አልተሰማውም። አብራሪው ግራ ቀኝ ተመለከተ፤ ጠባቂውን አላየም። ወዳጆ ከቤት አይርቅም፣ አንድ ቦታ ሄዶ ይሆናል ብሎ ካርቶኖቹን በሜዳው ዳር ባለው መጠለያ ሥር ደርድሮ ሄደ። ወዳጆ አውሮፕላኗ ሰማዩ ላይ እየራቀች ስትሄድ ከቦዩ ውስጥ ሆኖ አያት። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ያላለቀሰውን ያን ጊዜ አለቀሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቦዩ ማዶ ሳር ሲቆረጥ ሰማ። ጭርር፣ ጭርር ይላል። ማጭድ ነው። በጉሮሮው የቀረችውን ድምፅ አሰባስቦ፣ «ማነው እዚያ?» አለ።

ማጭዱ ቆመ። የሴት ድምፅ መለሰ።

«እኔ ነኝ፣ አስካለ ነኝ። አይቆጡኝ፣ ጋሼ። ማሽኑ የማይደርስበትን የቦዩን ዳር ብቻ ነው የማጭደው። አንዲት ላም አለችኝ፤ ወዲያኛው ጋራ ድረስ መሄድ ጉልበቴ አልችል ብሎኝ ነው። ከእንግዲህ አልመጣም።»

ወዳጆ አስካለን ያውቃታል። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዘነበች ሁልጊዜ ቦርዴውን በቅድሚያ የምትቀዳው ለእሷ ነበር። እግሩ ከብረት ሥር ሆኖ የሚያድነው ሰው ሲያገኝ፣ ያ ሰው ይቅርታ እየጠየቀው ነው።

«አስካለ፣ አትሂጂ» አለ። «ወድቄ ነው። ቦዩ ውስጥ ነኝ።»

ብቅ ብላ አየችው። ማጭዷን ጥላ ወረደች፤ ብረቱን ብትገፋ አልቻለችም። ነጠላዋን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና «መጣሁ፤ አይዞዎት፣ አሁን እመጣለሁ» ብላ ወደ ወንዙ ሮጠች። ሳይመሽ ስድስት ወንዶች አጠና ይዘው መጡ። ብረቱን በአጠናው ፈንቅለው እግሩን አወጡ። በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዚያ ጭቃ እየተቀባበሉ፣ ጤና ጣቢያ አደረሱት። በመንገድ ላይ ማንም ስለ ሳር አላነሳም። ወዳጆም ዓይኑን ጨፍኖ የእግራቸውን ኮቴ ያዳምጥ ነበር።

እግሩ ድኖ መነሳት ሲጀምር ለተካልኝ ስልክ አስደወለ። «ያቺ ትራክተር አለች?» ብሎ ጠየቀው። ተካልኝ አዝኖ፣ «ጋሽ ወዳጆ፣ እሷማ ለሌላ ወረዳ ከተሰጠች ሁለት ዓመቷ ነው» አለው። ማጨጃዋ ተጠግና ተመለሰች። ያለው እሷው ብቻ ነበረች።

ወዳጆ ብዙ ቀን አሰበ። አንድ ጠዋት ማሽኗን አስነስቶ አውሮፕላኗ የምትንደረደርበትን መካከለኛውን ሜዳ ብቻ አጨደ። ግራና ቀኝ ያለውን ሰፊ ሳር ተወው። ከዚያ ምርኩዙን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወደ መንደሩ በራሱ እግር ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ቆጭቶን ደጃቸው ላይ አገኛቸው።

«ማሽኑ ተበላሸ?» አሉት።

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ልትጠይቀን መጣህ?»

«ዳርና ዳሩን አላጨድኩትም። እንድትመጡ ነው» አለ ወዳጆ። ቀጥሎም፣ «ሳሩ ሰበብ ነው። ሰው ናፍቆኝ ነው» አለ። ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

አቶ ቆጭቶ ምርኩዙንና እግሩን አዩ። ከዚያ፣ «እስቲ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

አርባዎቹ አልመጡም። ገሚሱ ወዲያኛውን ጋራ ለምዷል፤ ገሚሱ ተቀይሟል፤ ከብቱን የሸጠም አለ። የመጡት አሥራ አንድ ነበሩ። ወዳጆ ቦርዴ መጥመቅ አያውቅም፤ ድንች ቀቅሎ ጠበቃቸው። አስካለ ቀምሳ «ጨው አንሶታል» አለችው። ተነስቶ ጨው ሊያመጣ ገባ።

ወገኖቼ፣ ሐዘን ሲጠና ሰው የሚባል ባላየሁ ያሰኛል። ይህ ነውር አይደለም፤ በሁላችንም ላይ ይደርሳል። ክፋቱ፣ ለአንድ ክረምት የዘጋነው በር ሌሎች አዲስ መንገድ እስኪያወጡ ድረስ ተዘግቶ ሲቆይ ነው። ወዳጆ ማሽን ሲመርጥ ስለ ፍጥነትና ስለ ጉልበት ተነገረው፤ በልቡ የመዘነው ግን የትኛዋ የሰውን መምጣት እንደምታስቀርለት ነበር። ሥራ ሁሉ ሁለት ፍሬ አለው፤ አንዱ የሚሠራው ነገር ነው፣ ሌላው በሥራው ምክንያት ወደ ደጃችን የሚመጣው ሰው ነው። የመጀመሪያውን ማሽን ይሰጠናል። ሁለተኛው አንዴ ከሄደ ግን ሁሉም አይመለስም፤ ከአርባው አሥራ አንዱ ከመጣም ተመስገን ነው።

እስቲ እናንተም አስቡት፤ በቅርቡ ያቀለላችሁት ሥራ፣ ቀድሞ ማንን ወደ ደጃችሁ ያመጣ ነበር?